የአራተኛው ቅያስ ነፋስ

የመንገዳችንን ነፋስ የሚያመሰግን ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ከአንድ ሰው በቀር፣ እሱም አባቴ ነው። ነፋሱ ዝናብ በሌለባቸው ወራት በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። ቀጠሮ በማክበር ማንም አይደርስበትም። ከቤቶቹ ጀርባ ካለው ባዶ ሜዳ ይነሣና አሸዋውን ታቅፎ በየቅያሱ ወደ መንገዳችን ይገባል፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያገኘውን ሁሉ አቧራ ሲያለብስ ይቆይና ምንም እንዳላጠፋ ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል።

እኔ ቫርኒሽ ቀቢ ነኝ። አናጢዎች አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ቁም ሣጥኑን ሠርተው ያመጡልኛል፤ እኔ በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ እቀባለሁ፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ አበራለሁ። የመንገዱ ሰው "ቫርኒሽ" ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ ዋናውን ስሜን የሚያስታውስ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ጎበዝ መሆኔን ሌላ ሰው ቢናገርልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የሚናገር ስለጠፋ ራሴ ልናገረው።

ችግሬ ምን መሰላችሁ? ሥራ ቤቴ ፊቱ ክፍት ነው። በር ዘግቶ በቲነር ሽታ ውስጥ መዋል ራስ ያዞራል፣ ሲብስም ይጥላል። ጠዋት ደግሞ ጤዛው ሳይነሣ ከቀባሁ ቫርኒሹ ይነጣል። ስለዚህ የምጀምረው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቀባሁት ነገር ገና እጅ ይይዛል፣ ልክ እንደ ማር። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ያ ነፋስ ፊት ለፊቴ ካለው ቅያስ ወጥቶ አሸዋውን የሚያራግፍብኝ። በማግስቱ ያንኑ ዕቃ መልሼ እፈትጋለሁ። አንድ ጠረጴዛ አራት ጊዜ የፈተግኩበት ሳምንት አለ፤ ያን ሳምንት ያናገረኝ ሰው ሁሉ የእጁን አግኝቷል።

ነገሩ የተጀመረው ከዳቦ ጋጋሪው ሬዲዮ ነው። ዳቦ ቤቱ ከእኔ ቀጥሎ ስለሆነ ሬዲዮውን ብንፈልግም ባንፈልግም እንሰማለን። አንድ ቀን የዝግጅቱ አቅራቢ አድማጮችን ጠየቀ፦ የምትኖሩበትን አካባቢ የአየር ጠባይ መለወጥ ብትችሉ ምኑን ትለውጡ ነበር? ሰው ስልኩን አጨናነቀው። አንዷ ዝናቡ ሌሊት ሌሊት ብቻ ይዝነብልኝ፣ ልብሴ ይድረቅበት አለች። አንዱ ብርዱን ከፋፍሎ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲሰጡት ለመነ። አንድ ሾፌር ጭጋጉ እሁድ እሁድ ብቻ እንዲወርድ ጠየቀ፤ እሁድ እሱ አይሠራም።

እኛም ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ቆመን ጨዋታውን ቀጠልነው። ዳቦ ጋጋሪው ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ፣ ሆዱ የሰፋ፣ አፉ ከሆዱ የሰፋ ሰው ነው።

"እኔ ነፋሱ አቧራውን ትቶ ብቻውን ቢመጣ እቀበለዋለሁ" አለ። "ዳቦዬን የበላ ሰው ሁሉ ጥርሱን እያሻሸ ነው የሚወቅሰኝ።"

ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ የሚሠራው ሰውዬ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ድንጋይ ስለሚጭን፣ እንደ ድንጋይ መፍለጫው ቦታ "ካባ" እንለዋለን። እሱ ነፋሱ በወር አንድ ቀን፣ ያውም በጽሑፍ አስታውቆ ይምጣ አለ። ፋርማሲስቷ፣ አትበሉኝ ብትልም ሁላችንም "ዶክተር" የምንላት፣ መደርደሪያዋን በቀን ሦስት ጊዜ ከመወልወል እንዲገላግላት ብቻ ፈለገች።

"አንቺስ ቫርኒሽ?" አሉኝ።

"ከነዘር ማንዘሩ አጠፋዋለሁ" አልኳቸው። "ለዘመዶቹም አላዝንም።"

ሳቁ። ከዚያ ዶክተር በርጩማው ላይ ወደተቀመጠው አባቴ ዞር ብላ "ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይለውጣሉ?" አለችው።

"ምንም" አላት። "ባለበት ይቆይ።"

ሁላችንም በአንድ ላይ ተንጫጫንበት። ዳቦ ጋጋሪው ጋሼ አሸዋውን ስለማያዩት ነው ብሎ ቀለደ፤ አባቴም ከሁላችን በላይ ሳቀ።

አባቴ አርባ ዓመት አናጢ ነበር። ብሩሽ አያያዝም ያስተማረኝ እሱ ነው። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ከሦስት ዓመት በፊት ዓይኑን ጨርሶ ወሰደበት። የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ከቤታችን እስከ ሥራ ቤቴ ሰባት መቶ እርምጃ ያህል ይሆናል። ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ሲነሣ፣ ዱላውን ይዞ ብቻውን ይመጣል። በርጩማው ላይ ይቀመጥና የሠራሁትን በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ጉድለቴን ይለቅማል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲያርፍ ክንዴን ይዞ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሱ ግን "ላጅብሽ" ነው የሚለው።

"ምናለ ጠዋት ብትመጣ? በዚህ ነፋስ ምን አስወጣህ?" እለው ነበር።

"ጠዋት ሥራ አለብኝ" ይለኛል። ሥራው ሬዲዮ መስማት ነው። በዝናቡ ወራት ደግሞ ጭራሽ አይመጣም፤ ጉልበቴን ይበርደኛል ይላል። ግትርነቱ ነው ብዬ ተውኩት። እኔም የማን ልጅ ነኝና ነው የምፈርድበት?

ያ ሰባት መቶ እርምጃ ለእሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ታላቅ እህቴ ሌላ ከተማ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ዓይኑ የጠፋ ጊዜ ልትወስደው መጥታ ነበር። ክፉ ሆና አይደለም፤ እሱን በማሰብ እንቅልፍ የማይወስዳት እሷ ናት። አባቴ ግን እጁን በዘረጋበት ሁሉ የሚያውቀውን ነገር የሚነካበት ቤት ይህ ብቻ ነው፤ መዝጊያውን፣ መስኮቱን፣ አልጋውን የሠራው እሱ ነው። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ተስማማን፦ ብቻውን ተራምዶ ሥራ ቤቴ ድረስ መምጣት እስከቻለ ድረስ እዚሁ ይቆያል፤ ያቃተው ቀን ወደ እሷ ይሄዳል። አባቴም ራሱ "ተስማምቻለሁ" አለ።

ከሬዲዮው ጨዋታ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ትልቅ ቁም ሣጥን መጣልኝ፣ ለሙሽራ የሚሰጥ። እናትየዋ መዝጊያው እንደ መስታወት ይሁንልኝ ብላለች። ሁለት ጊዜ ቀባሁት፣ ሁለት ጊዜ አሸዋ ለበሰ። ሁለተኛው ቀን ማልቀስ አማረኝ፤ ማልቀሱን ተውኩና መሳደብ ጀመርኩ። ካባ ስድቤን ሰምቶ ከማዶ መጣ።

"አንቺ ሰው፣ ነፋሱ እኮ የሚመጣብሽ በዚህች ቅያስ ነው" አለኝ እየጠቆመ። "ለምን አንዘጋትም?"

እውነቱን ነው። ያቺ ቅያስ በሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለች፣ ድመትና ነፋስ ብቻ የሚተላለፍባት ጠባብ ቦታ ናት። ካባ ከማስታወቂያ ሥራ የተረፈ አንድ ትልቅ የላስቲክ ባነር ነበረው፤ ሳሙና ይሁን የጥርስ ሳሙና ረስቼዋለሁ፣ ብቻ አንዲት ሴት አፏን ከፍታ ትስቃለች፣ አንዱ ጥርሷ ብቻ ክንድ ያህላል። ዳቦ ጋጋሪው ሁለት ቋሚ እንጨት አመጣ፤ ዶክተር ገመድ አቀበለች። ሐሙስ ጠዋት ቅያሷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረን ዘጋናት።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነፋሱ መጣ። የሴትዮዋን ጉንጭ ነፋው፣ ባነሩ እያጨበጨበ ወደ እኛ ተነፋፋ፣ ገመዱ ግን ያዘ። እኛ ጋ አንዲት ቅንጣት አሸዋ አልደረሰም። አራታችን ደጅ ቆመን ተያየን። ዳቦ ጋጋሪው ለሬዲዮ ጣቢያው ደውዬ "እኛ የአየር ጠባያችንን ለውጠናል" ልበላቸው ወይ አለ። ካባ ድንጋዮቹን ከወረቀቶቹ ላይ አንድ በአንድ እያነሣ እንደ ባለሥልጣን ደጁ ላይ ደረደራቸው። እኔ የቁም ሣጥኔ መዝጊያ ፊት ተቀመጥኩና ፊቴ ሲታየኝ ዋልኩ።

በዚህ መሃል ዘጠኝ ተኩል ሆነ፣ አሥር ሰዓት ሆነ። ይህን ስጽፍ እስከ አሁን ያሳፍረኛል፦ በርጩማው ባዶ መሆኑን ያየሁት አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ልወጣ ስነሣ አንድ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ አባቴን ክንዱን ይዞ መጣ። ያገኘው ከእኛ ብዙ ርቆ፣ ዋናው አስፋልት ጋ፣ መኪና በሚታጠፍበት ቦታ ነው። መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ ወድቆ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ደምቷል፣ አንድ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

"ምን ሆንክ አባዬ?"

"ሐሳብ ይዞኝ ሄደ" አለኝ።

ዶክተር ቁስሉን ስታጥብለት ፊቱን አየሁት። ጉልበቱ ስላመመው አልነበረም የጠቆረው። ራሱን የተጠራጠረ ሰው ፊት ነው። ያን ማታ እራት ላይ "የስንት ዓመት ሰው ነኝ አሁን?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ዕድሜውን ነገሬ ብሎ የማያውቅ ሰው። ነገርኩት። "እህ" አለና ዳቦውን አስቀመጠ።

ዓርብ በስድስት ሰዓት እህቴ ከች አለች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም፤ ዳቦ ጋጋሪው ስልክ ቁጥሯን እንደያዘ አውቃለሁ፣ ከትናንት ጀምሮም ዓይኔን እያየ አላወራኝም። እህቴ ሻንጣ ሳታወርድ አባታችን እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበቱን ገልጣ አየችው። አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አስፋልት ላይ ነበር አሉኝ። መኪና የሚታጠፍበት ቦታ።"

"አንድ ቀን ነው እትዬ።"

"ሁለተኛው ቀን እስኪመጣ ልጠብቅ?"

እኔም ሌሊቱን ያንኑ ሳስብ ነው ያደርኩት። አባቴ ይከራከራል ብዬ ጠበቅኩ፤ ባለፈው ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ የተከራከረ ሰው ነው።

"እሺ" አለ። "ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። ውል ውል ነው።"

እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቱ ከሁሉ በላይ ጎዳኝ። ልብሱን የማጣጥፈው እኔ ነኝ፤ አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጥፌ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ግን ብድግ አለና "የመንገዱን ሰዎች ልሰናበት፤ ያዙኝና እንሂድ" አለ። እህቴ ቀኝ ክንዱን ያዘች። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

ነፋሱ ተነሥቷል። መንገዳችን ከቤታችን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ቅያሶቹ በሙሉ በግራ በኩል ናቸው፤ የእኔ ሥራ ቤት በቀኝ ነው። የመጀመሪያው ቅያስ ጋ ስንደርስ ነፋሱ ከጎን መታን። እህቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አባቴ ግን ግራ ጉንጩን ከፍ አድርጎ ሰጠው፣ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛው ቅያስ ጋም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ "እዚህ ጋ ቀስ እንበል፤ ደርሰናል" አላት።

ቀስ አሉ። አባቴ አንገቱን ወደ ግራ ቀና አድርጎ፣ የሚጠራውን ሰው ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ዝግ እያለ ሄደ። ሥራ ቤቴ ደጅ ደረሰ። አልቆመም። አልፎ ሄደ።

"አባዬ፣ እዚህ እኮ ነው" ብላ እህቴ ወደ ኋላ ጎተተችው።

"አዎ" አለ። "እዚህ ነው።" ቆመ። ከፊት ለፊታችን ባነሩ ያጨበጭባል። "ይሄ የሚያጨበጭበው ምንድነው?"

ዳቦ ጋጋሪው ከደጁ ሆኖ ደረቱን ነፍቶ መለሰለት። "ባነር ነው ጋሼ። አልነገረችዎትም እንዴ? ነፋሷን ዘጋናት። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አሸዋ የሚባል ነገር አላየንም።"

አባቴ ጆሮውን ወደ ባነሩ ሰጠ። እኔ ግን ፊት ለፊቱ ዞሬ ነበርና ሁሉንም አየሁ። መጀመሪያ ትከሻው ወረደ፤ ከሐሙስ ጀምሮ ወደ ጆሮው ተጠግቶ የነበረው ትከሻ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከአፉ ዳር ፈገግታ የሚመስል ነገር ብቅ አለ፣ የጠፋ ዕቃውን ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው ፈገግታ። "የሳትኩት እኔ አይደለሁም" የሚል ፊት ነበር። ከዚያ ያ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። ክንዱን ይዘን ወደ ውስጥ ስናስገባው እጁን ወደ ቁም ሣጥኔ ዘርግቶ መዝጊያውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው።

"አሸዋ የለበትም" አለ።

"የለበትም" አልኩት።

"ጥሩ አድርጋችኋል" አለ። "ጎበዞች ናችሁ።" በርጩማው ላይ ተቀመጠና ሰዎቹን በየተራ መሰናበት ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ዱላው የሚነግረው መሬቱን ብቻ ነው። የት እንደደረሰ የሚነግረው ነፋሱ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛው ግራ ጉንጩን ሲመታው ጀርባውን ይሰጠዋል፣ ነፋሱም እየገፋ እኔ ቤት ያስገባዋል። ጠዋት የማይመጣው ለዚህ ነው። በዝናቡ ወራት የማይመጣው ለዚህ ነው። ሐሙስ አራተኛውን ሲጠብቅ አስፋልት ደረሰ። እና አሁን ሁሉንም ካወቀ በኋላ፣ "ባነሩን አውርዱልኝ" የምትለዋን አንዲት ቃል ከሚናገር፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ መቀመጥን መረጠ። ለእኔ ቫርኒሽ ብሎ።

እዚያው ላቅፈው ፈለግኩ። ግን አባቴን አውቀዋለሁ። ነገሩን አፍ አውጥቼ ብናገር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል ሲል የኖረ ሰው በመንገዱ ሰው ፊት ሊራቆት ነው። ለዳቦ ጋጋሪው ደግሞ አንድ ነገር መንገር ለሬዲዮው መንገር ማለት ነው። እንኳን እሱ፣ እህቴም ብትሰማ "በነፋስ ነው የሚሄደው?" ብላ በዚያው ዕለት ትጭነዋለች።

ማታ እህቴን ለብቻዋ ያዝኳት። "አንድ ቀን ስጪኝ" አልኳት። "ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻውን ይምጣ። አንቺ እኔ ቤት ተቀምጠሽ ጠብቂው። ከሳተ፣ ሻንጣውን ራሴ ተሸክሜ አውቶቡስ ላይ አወጣዋለሁ፤ ስለዚህ ጉዳይም ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።"

"ምን ይለወጣል?"

"አንድ ቀን ብቻ እትዬ።"

ብዙ አየችኝ። እሺ ያለችኝ አምናኝ አይደለም፤ አዝናልኝ ነው። አባቴንም "ነገ ብቻህን ና፤ እትዬ እዚያ ትጠብቅሃለች" አልኩት። ለምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ብቻ ና አልኩት።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቁም ሣጥኑን እንደገና ደርቤ ቀባሁት። መቅባት አልነበረብኝም፣ ግን ለውሸቴ ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበር። ከዚያ ቢላዋ ይዤ ተሻገርኩና የባነሩን ገመድ ቆረጥኩ። የሳቂታዋ ሴትዮ ጥርስ መሬት ላይ ተዘረጋ።

ሁሉም ወጡብኝ። "አብደሻል?" አለች ዶክተር፣ መወልወያዋን እንደያዘች።

"ቫርኒሽ ያለ ነፋስ አይደርቅም" አልኳቸው። "ላዩ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ለሳምንት ይይዛል። ዕቃዬን ላበላሽ ነው? ይቅርታ አድርጉልኝ።"

"ትናንት ደርቆ አልነበር እንዴ?" አለ ካባ።

"ስለ ቫርኒሽ አንተ ታስተምረኛለህ?"

ካባ ድንጋዮቹን እያጉረመረመ መልሶ ለቀመ። ዳቦ ጋጋሪው ነፋሱን ያስጠላችን እሷ፣ ያስዘጋችን እሷ፣ ያስከፈተችን እሷ፤ መለወጥ የነበረብንስ የአየሩን ሳይሆን የዚህችን ሴት ጠባይ ነው አለ። የተናገሩኝን ሁሉ ዋጥኩት። ይህን የሚያውቀኝ ሰው አያምነውም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰዓቷን ታያለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ነፋሱ የለም።

በመንገዱ ላይ አንዲት ወረቀት አትነቃነቅም። ያን ያህል ዓመት አንድ ቀን ሳያጓድል የመጣብኝ ነፋስ፣ ዛሬ የት እንደገባ እንጃ። ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ከነዘር ማንዘሩ ላጠፋው የዛትኩበትን፣ በሆዴ እለምነው ጀመር። ባክህ ና፣ ጥፋቴ ነው፣ ያሰኘህን አሸዋ ይዘህ ና እለዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ከደጁ "አየሽ፣ አኩርፎን ቀረ" አለ። አልሳቅኩም።

"ዘጠኝ ከሃያ" አለች እህቴ በቀስታ። "ልሂድና ላምጣው?"

"ትንሽ ጠብቂ።"

"ወንበር ላይ ሆኖ እኛን እየጠበቀ ይሆናል እኮ።"

እኔ ግን የት እንዳለ አውቅ ነበር። ደጃፋችን ላይ ዱላውን ይዞ ቆሞ፣ ጉንጩን አውጥቶ እየጠበቀ ነው። ያንኑ እኔ የምጠብቀውን።

መጀመሪያ የሰማሁት የካባን ጩኸት ነው፤ ያልተጫነ ወረቀት አምልጦት እየሮጠ ነው። ከዚያ የዳቦ ቤቱ መጋረጃ ተነሣ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ካለው ቅያስ አሸዋው እንደ ድሮው ወጥቶ ፊቴን ገረፈኝ። እህቴ ዓይኗን ሸፈነች፤ ዶክተር በሯን ድርግም አድርጋ ዘጋች። እኔ አፌን ከፍቼ ስስቅ አሸዋ ገባበት።

አባቴ ከወዲያ ማዶ ብቅ አለ። ጉልበቱን ትንሽ ይጎትታል። ሦስተኛው ቅያስ ጋ ሲደርስ ጉንጩን ሰጥቶ አለፈ። እህቴ ብድግ አለች፤ እጇን ያዝኩት። አባቴ ቅያሳችን ጋ ደረሰ። ነፋሱ ጃኬቱን ገለበጠው። ቆመ፣ ጀርባውን ሰጠው፣ ዱላውን አስቀድሞ ቀጥ ብሎ መጣ፣ ደረጃውን በዱላው ነካ አድርጎ ወጣና ገባ።

"እህትሽ እዚህ ናት?" አለ።

እህቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ካለቀሰች በኋላ "ሐሙስ ታዲያ ምን ሆነህ ነው?" አለችው።

"ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው አልኩ እኮ። ሰው አንድ ቀን አያስብም እንዴ?"

እህቴ ፊቷ ሁሉ አሸዋ ሆኖ ሳቀች። ነገ ብቻዋን እንደምትመለስ፣ ለሚቀጥለው ወር ግን እንደገና እንደምትመጣ ተናገረችና ፊቷን ልትታጠብ ወደ ዶክተር ተሻገረች። ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ብቅ አድርጎ "ጋሼ፣ ልጅዎ እኮ ጉድ ሠራችን" አለ። "ቫርኒሽ ያለ ነፋስ አይደርቅም ብላ ባነሩን ቆራርጣ ጣለችው።" ከዚያ የዳቦው ነገር ትዝ ሲለው ሮጠ።

ሁለታችን ቀረን። አባቴ በርጩማውን ፈልጎ ተቀመጠ። እጁን ዘርግቶ የቁም ሣጥኑን መዝጊያ በጣቱ ጫፍ ብቻ ነካ አደረገው። አሸዋው መዝጊያውን ሙሉ ለብሶታል። ጣቱን አውራ ጣቱ ላይ አሻሸ።

"ቫርኒሽ ያለ ነፋስ አይደርቅም ያለሽ ማነው?" አለኝ።

"አንተ ነህ።"

"እኔ? አርባ ዓመት ሠራሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም።"

"ተናግረሃል" አልኩት። "ረስተኸው ነው።"

ነፋሱ ከኋላችን አሸዋውን ያመላልሳል። አባቴ ፊቱን ወደ ቅያሱ አዞረ፤ የማያይ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ ገብቶ ይሁን ሌላ፣ በእጀታው ጠረገው።

"ሊሆን ይችላል" አለ በመጨረሻ። ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። "ሲደርቅ እኔ ታችኛውን እፈትጋለሁ፣ አንቺ ላይኛውን። የብርጭቆ ወረቀቱን ከአሁኑ አቀብዪኝ።"